ጥለቱ ወደ ላይ

እኔ ነጠላ መልበስ ስላላወቅሁ አንድ ተራ ሙሉ ሰው አልቅሷል። ማጋነን የሚመስለው አንባቢ ካለ እስከ መጨረሻው እንዲታገሠኝ እለምናለሁ። የሆነውን ሳልጨምር ሳልቀንስ በቅደም ተከተል ለመጻፍ እሞክራለሁ። አማርኛዬ የሚጎድለው ነገር ቢኖር ይቅርታ ይደረግልኝ፤ ቋንቋውን መማር የጀመርኩት በአሥራ ሦስት ዓመቴ ነው።

ስሜ ሰልማ ይባላል። የተወለድኩት የመን፣ ታኢዝ ከተማ ነው። አሁን አዲስ አበባ ውስጥ የዩኒቨርሲቲ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ይህ ነገር የገጠመኝ ገና ትምህርት በጀመርኩ በሁለተኛው ወር፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ነው።

አስቀድሜ ስለ አባቴና ስለ እናቴ መናገር አለብኝ፤ ያለዚያ ነገሩ አይገባም።

እናቴ ረውዳ የሞተችው በጦርነቱ ጊዜ ነው። ታማ ነበር፤ መንገዱ ተዘግቶ ሐኪም ቤት ሳንደርስ በመኪና ውስጥ ሞተች። በእኛም አገር ሰው ሲሞት ለለቅሶ ሦስት ቀን ይቀመጣል። ያኔ ግን ሰፈራችን ባዶ ስለነበር ማንም አልተቀመጠም። አባቴ ቀበራት፣ በአራተኛው ቀን ጉዞ ጀመርን፣ በጀልባ ጅቡቲ፣ ከዚያ አዲስ አበባ። እኔ በመንገድ ላይ ፈርቼ ነበር እንጂ አላለቀስኩም። አዲስ አበባ ከደረስን በኋላ ደግሞ የማልቀሻው ጊዜ ያለፈ መሰለኝ።

አባቴ ናስር ልብስ ሰፊ ነው። እንደመጣን መርካቶ፣ ሸማ ተራ ውስጥ እትዬ አልታዬ የሚባሉ ነጋዴ ከሱቃቸው በር ላይ የስፌት መኪና የምታስቀምጥ ቦታ ሰጡት። እትዬ አልታዬ በልጅነታቸው ከጎጃም የመጡ፣ ድምፃቸው ከፍ ያለ፣ የሆዳቸውን ለነገ የማያሳድሩ ሴት ናቸው። እሳቸው ጥበብ ቀሚስና ነጠላ ይሸጣሉ፤ አባቴ የተገዛውን ቀሚስ ያጠባል፣ ያሳጥራል፣ ጠርዙን ይዘመዝማል።

በመጀመሪያዎቹ ወራት አባቴ ከአማርኛ የሚያውቀው ሰላምታ ብቻ ነበር። የአማርኛ ሰላምታ ደግሞ ረጅም ነው። እንዴት አደርክ፣ ደህና ነህ፣ ልጅህ ደህና ናት፣ ባለቤትህ ደህና ናት፣ ሥራ እንዴት ነው። ይህ ሁሉ ተጠይቆ መልሱ አንድ ቃል መሆኑን አባቴ ቶሎ ደረሰበት። ጥያቄውን ሳያውቅ መልሱን ተማረ ማለት ነው። በየጠዋቱ መኪናውን ከሸፈነበት ጨርቅ እየገለጠ፣ «ደህና ናት፣ አልሐምዱሊላህ» ይላል።

ትንሽ ቆይቶ ቃላቱን አንድ በአንድ መለየት ሲጀምር «ባለቤት» የሚለው ላይ ደረሰ። «ባለ» እና «ቤት»። የቤት ጌታ ማለት ነው ብሎ ተረጎመው። ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ቤት ያከራዩን አንዲት አሮጊት ነበሩ፤ አባቴም በየቀኑ የሚጠየቀው ስለ እሳቸው መሰለው። በልቡም የአዲስ አበባ ሰው ለአከራይ ምን ያህል እንደሚያስብ እያደነቀ፣ አንድ ቀን ለእትዬ አልታዬ፣ «ደህና ናት፤ እግሯን ብቻ ትንሽ ያማታል» አላቸው። እትዬ አልታዬ በማግስቱ የእግር ቅባት ይዘው መጡ። ከእናንተ ጋር ናት ወይ የምትኖረው ብለው ሲጠይቁት ደግሞ አባቴ ደንግጦ የለም የለም አለ። እሳቸውም ሚስቱ አገር ቤት እንደቀረች ገባቸው፤ አዘኑለት። በዚያ ዓመት በዓል ሲደርስ አንድ ነጠላ አጥፈው ሰጡት። ለባለቤትህ፣ ስትመጣ ትለብሰዋለች አሉት።

አባቴ የቃሉ ትርጉም የገባው ያን ጊዜ፣ ነጠላውን በእጁ እንደያዘ ነው። ያኔ ግን ከመጣን አንድ ዓመት ሊሞላን ነበር።

እኔ ይህን ካወቅሁ በኋላ ለምን እውነቱን እንደማይነግራቸው ደጋግሜ ጠየቅሁት። አንድ ምሽት ብቻ መለሰልኝ። እግሯን ያማታል ያልኳትን ሴት ዛሬ ሞታለች ልበል ወይ፣ መቼ ቢሉኝስ ምን እመልሳለሁ አለኝ። ይህ አንዱ ምክንያት ነበር። ሌላውን ምክንያት እሱ አልነገረኝም፤ እኔ ነኝ ቀስ ብዬ የደረስኩበት። በዓለም ላይ እናቴ ደህና የሆነችበት አንድ ቦታ ቢኖር ሸማ ተራ ነው። እዚያ በየጠዋቱ በስሟ ትጠየቃለች፣ በየጠዋቱም ደህና ናት። አባቴ ያን ቦታ በገዛ አፉ ማፍረስ አልቻለም።

እንዲህ እንዲህ እያልን አምስት ዓመት ሆነን። በየዓመቱ አንድ እየተጨመረ፣ አልጋ ሥር ያለ ሳጥን ውስጥ አራት ነጠላዎች ተቀመጡ። አባቴ ሳጥኑን አይከፍተውም፤ እኔንም እንዳልከፍተው ነግሮኛል።

አሁን ወደዚያ ቅዳሜ ልመለስ።

የዲፓርትመንታችን አዲስ ተማሪዎች ከሰዓት በኋላ የአበሻ ልብስ ለብሰን የጋራ ፎቶ እንድንነሳ ተነጋግረን ነበር። ሁሉም ከቤቱ አስመጣ። እኔ ከየመን ያመጣሁት ልብስ ጠቦኛል፣ የአበሻ ልብስም የለኝም። የአገሬን ልብስም የሌላውን አገር ልብስም ያጣሁ ብቸኛዋ ተማሪ መሆኔን ስረዳ ሌሊቱን ሳስብ አደርኩ። እሑድ ከዶርም ቤት ሄጄ ከሳጥኑ ውስጥ አንዱን ነጠላ ለአባቴ ሳልነግር አወጣሁ። ነጭ ቀሚስ ደግሞ እትዬ አልታዬ ሊያውሱኝ ቃል ገብተውልኛል።

ችግሩ ነጠላውን ማወቃቸው አይቀርም። ስለዚህ አንድ ውሸት አዘጋጀሁ። «እናቴ በስልክ፣ እኔ እስክመጣ አንቺ ልበሺው ብላኝ ነው» እላለሁ። አባቴ ቅዳሜ ጠዋት የተሰፋ ልብስ ለደንበኞች ለማድረስ ስለሚወጣ አይሰማኝም። ዓረፍተ ነገሩን ብዙ ጊዜ ተለማመድኩት፤ የግስ ስሕተት እንዳይኖርበት በደብተሬ ላይ ሁሉ ጻፍኩት።

ጠዋት የዶርም ጓደኞቼ ቁርስ ሲሄዱ ብቻዬን መስታወት ፊት ቆምኩ። ነጠላው እንደ ጭስ ቀላል ነበር። በአንደኛው ጠርዝ ላይ ሰፊ አረንጓዴና ወርቃማ ጥለት አለው። በታኢዝ ሴቶች ሻሽ ሲያደርጉ የተጠለፈው ጠርዝ ፊትን እንዲከብ ያደርጋሉ፤ ያማረው ነገር ከፊት አጠገብ ነው የሚሆነው። እኔም ከጥቁሩ ሻሼ በላይ ጥለቱን ወደ ላይ አድርጌ፣ አንገቴንና ትከሻዬን አዙሬ አጣፋሁት። መስታወቱ ውስጥ ያየኋት ልጅ እናቴን ትመስል ነበር። ለአንድ አፍታ ያህል ሰላምታ ልሰጣት አሰብኩ።

እናንተ ምን እንዳደረግሁ ገብቷችኋል። እኔ ግን አልገባኝም። አባቴ ወደ ለቅሶ ብቻውን ነበር የሚሄደው፤ በር ላይ ከወንዶቹ ጋር ቆሞ ይመለሳል። እኔ የለቅሶ ቤት ገብቼ አላውቅም፤ ሐዘን የደረሰባት ሴት ነጠላዋን ዘቅዝቃ፣ ጥለቱን ወደ ላይ አድርጋ እንደምትለብስ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ታክሲ ውስጥ ስገባ አንዲት ሴትዮ ከመስኮቱ አጠገብ ተነስታ ቦታዋን ሰጠችኝ። አመሰገንኳት፤ እጄን ይዛ ጥቂት ቆየችና ለቀቀችው። ሬዲዮኑ ዘፈን ይዞ ነበር፤ ሾፌሩ በመስታወቱ አየኝና ዝም አሰኘው። ታክሲው ያለ ድምፅ መሄድ ጀመረ። የጠዋቱ ፀሐይ በመስኮቱ ገብቶ ጥለቱን ሲያበራው ነጠላው ያማረብኝ ስለሆነ ነው ብዬ አሰብኩ። እውነቱን ለመናገር በጣም ደስ አለኝ።

አብነት ላይ ወርጄ በእግሬ ወደ ውስጥ መሄድ ጀመርኩ። መርካቶን የምታውቁ ሰዎች ቅዳሜ ጠዋት ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ። ተሸካሚው ከነሸክሙ ይገፋችኋል፣ ጋሪው ተረከዛችሁን ይነካችኋል፣ ዞር በይ ሳይባል አሥር እርምጃ አይኬድም። በአምስት ዓመት ውስጥ እኔ በዚያ መንገድ ተገፍቼ እንጂ ሄጄ አላውቅም። የዚያን ቀን ግን መንገዱ ተከፈተልኝ። ጆንያ የተሸከመ ሰው እኔን አይቶ ግድግዳ ተደግፎ ቆመና አሳለፈኝ። ጋሪ የሚገፉ ሁለት ሰዎች ጋሪያቸውን አቆሙ። የሚጣሩ ነጋዴዎች እኔ ስደርስ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፣ ሳልፍ መልሰው ጀመሩ። በውኃ ውስጥ የምሄድ ያህል ሁሉም ነገር ዝግ ብሎ ነበር። ሰዎች አንገታቸውን ሰበር ያደርጉልኛል፤ እኔም መልሼ እጅ እነሳለሁ።

አንድ ጋቢ የለበሱ አዛውንት ወደ እኔ ጠጋ ብለው፣ «እግዜር ያጥናሽ፣ ልጄ» አሉኝ።

እኔ «አጠና» የሚለውን ግስ በደንብ አውቀዋለሁ። የተማሪ ሥራ ነው። ሰውየው ተማሪነቴን ከምን እንዳወቁት ገርሞኝ፣ «አሜን አባቴ፣ እያጠናሁ ነው» አልኳቸው። ግራ ተጋብተው አዩኝ። ከዚያ ራሳቸውን ነቅንቀው፣ «ጎበዝ፣ እንደዚያ ነው» ብለው ሄዱ።

አንባቢ ሆይ፣ በዚህ መሳቅ ትችላለህ፤ እኔም አሁን እስቃለሁ። ያን ጊዜ ግን በሕይወቴ እንደዚያ ሰዓት የተወደድኩ መስሎኝ አያውቅም። ከተማው በመጨረሻ ያወቀኝ፣ መጥታለች ብሎ የተቀበለኝ መሰለኝ። ነጠላ መልበስ ይህን ያህል የሚያደርግ ከሆነ አምስት ዓመት ሙሉ ለምን አልለበስኩም እያልኩ ሸማ ተራ ገባሁ።

ከእትዬ አልታዬ ሱቅ ፊት ለፊት ጋሽ ሙዘሚል ክር ይሸጣሉ። መጀመሪያ ያዩኝ እሳቸው ናቸው። ይጠቀልሉት የነበረው ክር ከእጃቸው ወድቆ እየተተረተረ ተንከባለለ፤ አላነሱትም። እትዬ አልታዬ ለደንበኛ ነጠላ ዘርግተው በብርሃን እያሳዩ ነበር። ዘወር ሲሉ ዓይናቸው መጀመሪያ ጥለቱ ላይ፣ ቀጥሎ ፊቴ ላይ አረፈ። የራሳቸውን ስጦታ አወቁት።

«ረውዳ?» አሉ ቀስ ብለው።

የተለማመድኩት ዓረፍተ ነገር ምላሴ ላይ ነበር። «እናቴ በስልክ...» ብዬ ጀመርኩ። እሳቸው ግን ስልክ የሚለው ቃል ብቻ በቃቸው። በስልክ ተነገራት ብለው ተረዱት። ሁለት እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ።

«ወይኔ፣ ወይኔ ረውዳ! ሳላይሽ!»

በሱቁ ውስጥ ያሉት ሴቶች፣ በአጠገቡ ባለው ሱቅ ያሉት፣ የነጠላ ጫፍ የሚቋጩት ሁሉ መጡ። አንዷ አቀፈችኝ፣ ሌላዋ በላይዋ አቀፈች። የጨርቅ ጥቅል ላይ አስቀመጡኝ። እናቴን አንዳቸውም አያውቋትም፤ ግን ስሟን እየጠሩ ያለቅሱ ነበር። በታኢዝ ስትቀበር ስሟን የጠራ ሰው አልነበረም። እዚህ ረውዳ፣ ረውዳ የሚለው ድምፅ ከተሰቀሉት ነጫጭ ልብሶች መካከል እየወጣ በተራው ላይ ሲያልፍ ሰማሁ፤ ልብሶቹ በነፋሱ ይወዛወዙ ነበር። ከዚያ አንድ ሌላ ድምፅ ሰማሁ። እንደ ትንሽ ልጅ የሚጮህ ድምፅ ነው። የራሴ መሆኑን ያወቅሁት ጉሮሮዬን ሲያመኝ ነው።

ምን ያህል እንዳለቀስኩ አላውቅም። ቀና ስል እትዬ አልታዬ ፊታቸውን ጠርገው ሥራ ይዘው ነበር። ለጋሽ ሙዘሚል በሹክሹክታ ትእዛዝ ይሰጣሉ። የሰማሁት ነገር ከሕልሜ አነቃኝ።

«ናስር አልሰማም፤ በጠዋት ደህና ናት ብሎኝ ነው የወጣው። በመንገድ ማንም እንዳይነግረው። ከተራው አፍ ቆመህ ጠብቀው፣ ሻይ ቤት ውሰደው፣ አንድ ነገር አስመስለህ አቆየው። ሽማግሌዎቹ ይሰብሰቡ። መርዶ እንዲሁ አይነገርም።»

ጋሽ ሙዘሚል ኮፍያቸውን አስተካክለው ወጡ።

ያን ጊዜ ያደረግሁት ነገር ሁሉ ገባኝ። አባቴ ይመጣል። ሽማግሌዎች ከበውት፣ እሱ ራሱ በገዛ እጁ የቀበራትን ሚስቱን ሞታለች ብለው ያረዱታል። ሁለት መንገድ ብቻ ነበረኝ። ዝም ካልኩ አባቴ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት አዲስ የሰማ መስሎ ማልቀስ አለበት፤ ይህ ከእስካሁኑ ውሸት ሁሉ የከፋ ነው። ከተናገርኩ ደግሞ በየቀኑ ፊታቸውን እያየ ሲዋሻቸው መኖሩን እነግራቸዋለሁ። አባቴ በዚህች አገር ያለው ነገር ያቺ የበር ላይ ቦታና የነዚህ ሰዎች እምነት ነው። እትዬ አልታዬ ደግሞ ውሸታም እንደማይወዱ ተራው ሁሉ ያውቃል፤ ለአንዲት የውሸት መሐላ ብለው የሃያ ዓመት ደንበኛ ያባረሩ ሴት ናቸው።

ተነስቼ እጃቸውን ያዝኩና ወደ ሱቁ ውስጥ፣ ከተሰቀሉት ቀሚሶች ጀርባ ሳብኳቸው።

«እትዬ አልታዬ፣ አባቴ ያውቃል።»

«ማን ነገረው?»

«የቀበራት እሱ ነው። አምስት ዓመት ሆኗታል።»

አልገባቸውም። ደግሜ ነገርኳቸው። ስለ ሰላምታው፣ ስለ ባለቤትና ስለ ባለ ቤት፣ ስለ ሳጥኑ፣ ጥለቱንም ባለማወቅ እንደዘቀዘቅሁት፣ ያዘጋጀሁትንም ውሸት ሳይቀር ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ተናገርኩ። እሳቸው አንድ ቀሚስ በእጃቸው ጨብጠው ያዳምጡኛል።

«እግሯን ያማታል ያለኝስ?»

«አከራያችንን ነው።»

አፋቸው ተጣመመ። ሊስቁ ይሁን ሊያለቅሱ አላወቅሁም። ሁለቱንም አላደረጉም፤ ፊታቸው ጠቆረ።

«አምስት ዓመት፣ በየጠዋቱ» አሉ። «እኔን ምን አድርጎ ቢቆጥረኝ ነው?»

የማውቀውን ብቻ ተናገርኩ።

«ሌላ የሚጠይቀው ሰው ስለሌለ ነው።»

ከውጭ የሴቶቹ ድምፅ ይሰማል። ቀሚሶቹ በመካከላችን ቀስ ብለው ይወዛወዛሉ፤ በነጩ ጨርቅ ውስጥ ያለው ብርሃን እንደ ጉም ነበር። እትዬ አልታዬ የያዙትን ቀሚስ ለቀቁ። ነጠላቸውን ከትከሻቸው አወረዱ። ዘረጉት፤ ዞር አደረጉት፤ ጥለቱን ወደ ላይ አድርገው መልሰው ለበሱት። ከዚያ የእኔን አስተካከሉልኝ፤ በትክክል አልዘቀዘቅሁትም ነበርና። ወደ ውጭ ወጡ።

ውጭ ያሉት ሴቶች ሲያዩዋቸው እነሱም አንድ በአንድ ነጠላቸውን አወለቁና አዞሩ። በዚያ ጠባብ መንገድ ላይ ነጫጩ ሁሉ በአንድ ጊዜ ተነስቶ ሲዘረጋና ሲወርድ ወፎች ያረፉ ይመስል ነበር።

አባቴ የመጣው በዚህ መካከል ነው። ጋሽ ሙዘሚል ክንዱን ይዘው ሊያስቀሩት ይሞክራሉ፤ እሱ ግን ከሩቅ አይቶኝ ነበር። የእናቴን ነጠላ አየ። የሴቶቹን ዓይን አየ። በዓረብኛ ምን አደረግሽ ብሎ ጠየቀኝ፤ ድምፁ ቁጣ አልነበረውም፤ አንድ ነገር ከእጁ ወድቆ እንደተሰበረበት ሰው ነበር። እትዬ አልታዬ መካከላችን ገቡ።

«ናስር» አሉት፣ «ሰማን።»

አባቴ መኪናውን ተመለከተ፤ መሰናበቻው የደረሰ መስሎት ይሆናል። «እኔ ውሸት...» ብሎ ጀመረ።

«በውሸቱ ሌላ ቀን እጣላሃለሁ፤ አልተውህም። ዛሬ መርዶ ነው።»

«አምስት ዓመት...» አለ አባቴ።

«ላንተ ነው አምስት ዓመት። እኛ ገና ዛሬ ሰማን።»

ጋሽ ሙዘሚል ክንዱን አልለቀቁትም ነበር። ታላቅ ወንድማቸው በሰው አገር ሞቶ መርዶው የደረሳቸው ከሁለት ዓመት በኋላ እንደሆነ ነገሩት። ከሰሙበት ቀን ጀምሮ ተቀምጠው እንዳለቀሱለት፣ ዘግይቷል ያለ ሰው እንዳልነበረ ነገሩት። ከዚያ የራሱን ወንበር ከመኪናው ሥር ስበው አስቀመጡት። ሰው ሁሉ ዙሪያውን ተቀመጠ፤ ጥቅል ላይ፣ ካርቶን ላይ፣ ደረጃ ላይ። ነጠላ ሊገዛ የመጣ ደንበኛ ሳይቀር ተቀመጠ።

እትዬ አልታዬ፣ «እንዴት ያለች ሴት ነበረች?» ብለው ጠየቁት።

አባቴ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አደረገ። በአማርኛ ስለ እሷ ከ«ደህና ናት» ሌላ ተናግሮ አያውቅም።

«ረውዳ ትዘፍን ነበረች» አለ። «ሥራ ላይ ሁልጊዜ ትዘፍን ነበረች። ድምፅዋ ግን...» ቃል ፈለገ፤ መኪናውን በጣቱ አሳየ። «ድምፅዋ ዘይት እንዳለቀበት ይሄ መኪና።»

አንዲት ሴት እያለቀሰች ሳቀች። ሌሎቹም ሳቁ። አባቴ ራሱ ሳቀ፤ ሳቁ መሐል ላይ ተሰበረና ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ጋሽ ሙዘሚል ትከሻውን ይዘው «አልቅስ» አሉት። በእኛ አገር ለወንድ እንዲህ አይባልም። አለቀሰ።

ሦስት ቀን ተቀመጥን። ሰው ወደ ተክለ ሃይማኖቱ ቤታችን መጣ፤ አግዳሚ ወንበሮች ከየት እንደመጡ እስካሁን አላውቅም። አከራያችን ያመማቸውን እግራቸውን እየጎተቱ በር ላይ ተቀምጠው እንግዳ ተቀበሉ። እስላሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ እንዲበላ ሁሉም ሽሮና ምስር ይዞ መጣ፤ ይህን ማን እንዳዘዘ አልታወቀም፤ እንዲሁ ሁሉም ያወቀው ነገር ነው። ጋሽ ሙዘሚል ዱዓ ሲያደርጉ እትዬ አልታዬ ተነስተው ቆሙ። ለፎቶው አልደረስኩም። ጓደኞቼ በሁለተኛው ቀን ሰምተው መጡ፤ እናትሽ መሞቷን ለምን አልነገርሽንም ብለው ተቆጡኝ። እኔም ቁጣው ደስ አለኝ ብል ክፉ ሰው አትበሉኝ።

እትዬ አልታዬ ቃላቸውን ጠብቀዋል። በሁለተኛው ሳምንት አባቴን ስለ ውሸቱ ደንበኛ ፊት ተጣሉት፤ አንድ ቀን ሙሉ አላናገሩትም። በማግስቱ እንዴት አደርክ፣ ልጅህ ደህና ናት አሉት። ሦስተኛውን ጥያቄ አልጠየቁትም። አባቴ ያን ዕለት ጠዋት መኪናውን ሳይገልጥ ጥቂት እንደቆመ ነግሮኛል። ጎድሎበት ነበር። እናቴ ደህና የነበረችበት ቦታ ፈርሷል፤ ይህን መደበቅ አልፈልግም፤ ያገኘነውን ያገኘነው በነጻ አይደለም። አሁን ግን አባቴ ስሟን ቤት ውስጥ ይጠራል። አንዳንድ ቀን ዘፈኗን አጣምሞ ሲዘፍን እንስቃለን።

የምታነቡኝ ሰዎች፣ አንዳንዶቻችሁ እንደኔ ከሌላ አገር የመጣችሁ ትሆናላችሁ። እኔ ድሮ አገር ማለት ሰው ሲወድሽ፣ መንገድ ሲለቅልሽ ነው ብዬ አስብ ነበር፤ ለዚህም ብዬ በትምህርት ቤትም በሰፈርም ማንንም ላለማስቸገር፣ ሁሉንም ለማስደሰት እጥር ነበር። ያ ቅዳሜ መንገዱ የተከፈተው ለእኔ አልነበረም፤ ለሐዘን ነበር። ሐዘኔን ደብቄ ስለነበር እኔንም ሊያገኙኝ አልቻሉም። ሙታናችሁን አትደብቁ እላለሁ፤ ከዚህ በላይ ምክር ለመስጠት ዕድሜዬ አይፈቅድልኝም።

ባለፈው ወር የጋሽ ሙዘሚል እህት አረፉ። እትዬ አልታዬ ዶርም ድረስ ደውለው ለምን እስካሁን አልመጣሽም ብለው ጮኹብኝ። ክፍል ነበረኝ ብል አልሰሙኝም። ስደርስ አንድ ሳፋ ሙሉ ብርጭቆ ፊቴ አስቀመጡልኝ። እጅጌዬን ሰብስቤ ማጠብ ጀመርኩ። ከአዳማ የመጣች የሟቿ ዘመድ ፊቴንና አነጋገሬን አስተውላ፣ ይህቺ ልጅ ከየት ናት ብላ እትዬ አልታዬን ጠየቀቻቸው።

እትዬ አልታዬ ከሥራቸው ቀና ሳይሉ፣ «እሷ ዘግይታ ነው የመጣችው» አሏት። «ገና ሁለት ሳፋ ይቀራታል።»